ወንድሜን በቡካሬስት መዝገብ ውስጥ አገኘሁት!

ውድ አንባቢያን፣ እስቲ ፍረዱኝ። አንዲት ልጅ ሊያገባት የሚፈልገው ሰው ቤተሰብ ፊት ቀርባ «ምን ተማርሽ? ሥራሽስ ምንድነው?» ስትባል ምን ብትል ይሻላታል? «ሐኪም ነኝ» ብትል እልል ይባልላታል። «ባንክ ነው የምሠራው» ብትል ጥሩው ወንበር ይለቀቅላታል። እኔ ግን እውነቱን ተናገርኩ። «ታሪክ ነው ያጠናሁት። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ሩማኒያ ውስጥ ስለተነሱ ቀኝ አክራሪዎች፣ ስለ ፋሽስቶች ነው የምመራመረው» አልኩ።

ቤቱ ጭጭ አለ። የልጁ እናት ቡናቸውን አንዴ ፉት አሉና «ውይ ልጄ... እሱን ስትጨርሺስ ምን ልትሠሪ አሰብሽ?» አሉኝ።

እዚያው ሳቅኩ። ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ። ጥያቄያቸው ልክ ነበራ! ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ዶክትሬቴን ከያዝኩ ወዲህ አውሮፓ ውስጥ ሦስተኛ ኮንትራቴ ላይ ነኝ። አንዱ የስምንት ወር ነበር፣ አንዱ የአንድ ዓመት፣ ያሁኑ የሁለት ዓመት። ሻንጣዬን በቅጡ ሳልፈታ ወደ ሌላ ከተማ እሄዳለሁ። ልጁም ቆይቶ ቀረ። አልፈርድበትም።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ እሱ አይደለም፤ ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ከዘጠና ዓመት በፊት የኖሩ፣ በቋንቋም በመልክም የማይመስሉን የሩማኒያ ተማሪዎች ስለ ወንድሜ የነገሩኝን ነው የማጫውታችሁ። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቁጠሩልኝ። የኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

ቡና ነው ሰላምታ?

ሩማኒያን ያመጡብኝ አጎቴ ናቸው። በደርግ ጊዜ በስኮላርሺፕ ወደ ሶሻሊስት አገሮች ከሄዱት ወጣቶች አንዱ ነበሩ። ቡካሬስት እርሻ አጥንተው ሲመለሱ አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላትና አንድ ሰላምታ ይዘው መጡ። ከሥራ ሲመለሱ ከበር ላይ «ቡነ ዚዋ!» ይሉኛል። እንደምን ዋልሽ ማለታቸው ነው። እኔ ቡና አምጪ ያሉኝ እየመሰለኝ ወደ ማድ ቤት እሮጣለሁ። እየሳቁ እየሳቁ ቋንቋውን አስተማሩኝ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ታሪክ ስማር አንድ ነገር አነበብኩ። ጁን 30 ቀን 1936 ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሊናገሩ ሲቆሙ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት አወኳቸው። ያን ጊዜ ብድግ ብለው እነዚህ አውሬዎች ከበር ይውጡ ሲሉ የጮኹት የሩማኒያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኒኮላዬ ቲቱሌስኩ ነበሩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ንጉሥ ዳግማዊ ካሮል ከሥልጣን አነሷቸው።

ደስ አለኝ፤ የአጎቴ አገር ሰው ለኛ ጮኸ ብዬ። ገጹን ስገልጥ ግን በዚያው ዓመት፣ በዚያው አገር፣ አረንጓዴ ሸሚዝ የለበሱ ወጣቶች እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ይሰለፋሉ። ቲቱሌስኩን ይጠላሉ፤ ሙሶሊኒንና ሂትለርን ያደንቃሉ። ይሄ ደግሞ እንዴት ይሆናል? ጥያቄው ያዘኝ። እነሆ አሥር ዓመት አለፈው፤ እስከዛሬ አለቀቀኝም።

«የራስሽን ለምን አታጠኚም?»

አውሮፓ ውስጥ በየስብሰባው የሚቀርብልኝ ጥያቄ ይሄ ነው። ከኢትዮጵያ መጥተሽ ለምን ሩማኒያ? በትህትና ነው የሚጠይቁኝ፤ ግን ያማል። ፈረንጅ ግዕዝ ተምሮ ገድሎቻችንን ሲያጠና ለምን ብሎ የሚጠይቀው አለ? እኛ የራሳችንን ብቻ፣ እነሱ የሁሉንም ያጥኑ ያለው ማነው?

መልሱን ያገኘሁት ግን ከአንድ ቀን መቁጠሪያ ላይ ነው። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1937 ቡካሬስት ውስጥ ታላቅ ቀብር ነበር። ስፔን ሄደው ለፍራንኮ ሲዋጉ የሞቱት የንቅናቄው መሪዎች ኢዮን ሞጻና ቫሲሌ ማሪን ተቀበሩ። አረንጓዴ ሸሚዝ የለበሰው ወጣት ከተማውን ሞላው። ከሬሳው ኋላ የኢጣሊያና የጀርመን መንግሥታት ተወካዮች ነበሩ። ከስድስት ቀን በኋላ ፌብሩዋሪ 19 ሆነ። በኛ የካቲት 12 ቀን 1929 መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጥቁር ሸሚዝ የለበሱ ፋሽስቶች ለሦስት ቀን ሕዝባችንን የጨፈጨፉበት ያ ቀን።

ቡካሬስት አዲስ አበባን አላዘዘም፤ እንዲያ እያልኩ አይደለም። ግን አንድ ዓይነት ክንድ ነው የተዘረጋው። ከዚያ ወዲህ «የራስሽን ለምን አታጠኚም» ሲሉኝ «የራሴን ነው የማጠናው» እላለሁ።

እናቴ በወር በወሩ በ12 ሚካኤልን የምትዘክር ሴት ናት። የንቅናቄው ስም «የመልአኩ ሚካኤል ሌጌዎን» እንደሚባል ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሌጌዎን? ያ እሪያዎቹ ላይ የሰፈረው? እሱንና ሚካኤልን ማነው ባንድ ላይ የጠራቸው?» አለች። ስንት መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ነገሩን እንደሷ ባጭሩ የተናገረው የለም።

ጭራቅ ፍለጋ

እኔም መዝገብ ቤት የገባሁት ጭራቅ ፍለጋ ነበር። ፖሊስ ያኔ የሰበሰባቸውን ፋይሎች ስገልጥ ያገኘሁት ግን ተማሪ ነው። ጫማው ያለቀ፣ የቤት ኪራይ ያልከፈለ ተማሪ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሩማኒያ ግዛት እጥፍ ሆነ፤ ዩኒቨርሲቲዎቹም ሞሉ። ብዙዎቹ ተማሪዎች ከቤተሰባቸው የመጀመሪያው የተማረ ሰው ናቸው። ዲግሪው ተገኘ፤ የመንግሥት ሥራው ግን ለሁሉም አልበቃም። ዲሴምበር 10 ቀን 1922 ተማሪዎቹ አደባባይ ወጡ። የጠየቁት ምን መሰላችሁ? ሥራ? ማደሪያ? ዋናው ጥያቄያቸው የአይሁድ ተማሪዎች ቁጥር ይቀነስልን የሚል ነበር። ችግራቸው እንጀራ ነው፤ ጥፋተኛ ያደረጉት ግን አብሯቸው አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ልጅ ነው።

ከነሱ መሃል ያሽ በምትባል ከተማ ሕግ ያጠና ኮርኔሊዩ ዜሌያ ኮድሬያኑ የሚባል ወጣት ነበር። በ1924 የከተማውን ፖሊስ አዛዥ በሽጉጥ ገደለ። በዓመቱ ፍርድ ቤት በነጻ ለቀቀው። ጉድ በሉ፣ በ1925 ሰርጉ ላይ እንደ ንጉሥ ሰርግ ሕዝብ ጎረፈለት! ጁን 24 ቀን 1927 ሌጌዎኑን መሠረተ። በ1930 ደግሞ «የብረት ዘብ» የሚል ክንፍ ተጨመረለት።

ታዲያ ይሄ ሰው ለወጣቱ ምን ሰጠው? መጽሐፍ አይደለም። ጎጆ ነው የሰጠው! ከሦስት እስከ አሥራ ሦስት ሰው የሚይዘውን ትንሹን ክፍል «ጎጆ» ነበር የሚሉት፤ የወፍ ጎጆ እንደምንለው። እዚያ ጎጆ ውስጥ መዝሙር አለ። በክረምት እረፍት አብሮ ጡብ መሥራት፣ ቤተ ክርስቲያን መጠገን፣ መንገድ ማቅናት አለ። በርካሽ የሚበላበት ቤት አለ። ብቻውን የነበረ ልጅ ወንድም አገኘ። ጥላቻው ከምግቡ ጋር ነው የቀረበለት፤ ቀስ እያለ ለመደው።

አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። ቡካሬስት ውስጥ በቀዝቃዛ ክፍሌ ብቻዬን ስመሽ አንዱን መዝሙራቸውን ሳላስበው ሳንጎራጉር ራሴን ያዝኩት። ደነገጥኩ። እኔ ያኔ ሃያ ዓመቴ ቢሆን፣ ሥራ ባይኖረኝ፣ ባይተዋር ብሆንና አንድ ሰው በስሜ ጠርቶ «ነይ፣ ከኛ ጋር ብዪ» ቢለኝ እምቢ እል ነበር? ደፍሬ «አዎ» ማለት አልቻልኩም።

የእሁዱ ስልክ

ወንድሜ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። በአካውንቲንግ ከተመረቀ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ሥራ ግን የለውም። ከምልክለት ገንዘብ በላይ መቀበሉ ነው የሚከብደው።

አንድ ቀን እናቴ ደውላ «ተመስገን! ልጄ ሰው ሆነልኝ» አለች። አዲስ ጓደኞች አግኝቷል። ጫት ትቷል፣ ጠዋት ይነሳል፣ ለታመመ አብረው ያዋጣሉ። እኔም ደስ አለኝ። ውሎ ሲያድር ግን አነጋገሩ ተለወጠ። አንድ እሁድ ሩብ ሰዓት ባወራን «እነሱ» የምትለዋን ቃል አሥር ጊዜ ሰማኋት። እነሱ ወሰዱት፣ እነሱ ከለከሉን፣ እነሱ ናቸው... «እነማን?» ስለው «አንቺ ውጭ ሆነሽ አይገባሽም» አለኝ።

ከዚያ የጎረቤታችንን ነገር አነሳሁ። የአብሮ አደጉ እናት በዚያ ሳምንት አርፈው ነበር። በልጅነቱ በእጃቸው ያጎረሱት፣ እናታችን ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ቤታቸው ያሳደሩት ሴትዮ ናቸው። «ለቅሶ ደረስክ?» አልኩት።

ዝም አለ። ቆይቶ «አልሄድኩም። እነሱ እኮ ከነዚያ ወገን ናቸው» አለኝ።

በዚያ ሰሞን እጄ ላይ የነበረው ፋይል አንዲት ሩማኒያዊት እናት ስለ ልጃቸው ለፖሊስ የጻፉት ማመልከቻ ነበር። ልጄ ጥሩ ልጅ ነው፣ እነዚህን ጓደኞች ካገኘ ወዲህ መጠጥ እንኳ ትቷል፣ አሁን ግን የት እንዳለ አላውቅም ይላሉ። ፋይሉን ዘጋሁት። ወንድሜን ነበር ያነበብኩት።

ምን አለፋችሁ፣ ትኬት ቆረጥኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ማመልከቻ ማስገባት የነበረብኝ ቋሚ ሥራ ነበር፤ ስንት ዓመት የጠበቅሁት። እሱን ትቼ አዲስ አበባ ገባሁ።

ሦስት ምሽት

አልሰበክሁትም። ታናሽ ወንድም ሲሰብኩት ይሸሻል። ማታ ማታ ቡና እየጠጣን ሥራዬን አወራሁት።

በመጀመሪያው ምሽት የሚሃይ ስቴሌስኩን ነገርኩት። በሌጌዎኑ ዝነኛ የነበረ፣ በወጣትነቱ ፓርላማ የገባ ልጅ ነው። በ1934 ከኮድሬያኑ ተጣልቶ ወጣ፤ መተቸትም ጀመረ። በጁላይ 1936 ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አሥር የቀድሞ ወንድሞቹ ገብተው አልጋው ላይ ገደሉት። ወንድሜ «የኛ ልጆች እንዲህ አያደርጉም» አለ። «ልትወጣ ብትፈልግ ምን ይሉሃል?» ብዬ ብቻ ጠየቅሁት። አልመለሰልኝም።

በሁለተኛው ምሽት የሚሃይል ሴባስቲያንን አወራሁት። ቡካሬስት የሚኖር አይሁዳዊ ደራሲ ነው። በጣም የሚያከብራቸው መምህሩ ናዬ ዮኔስኩ በ1934 ለልብ ወለዱ መቅድም ጻፉለት፤ መቅድሙ አይሁድን የሚያንቋሽሽ ሆኖ ተገኘ። ጓደኞቹም አንድ በአንድ ወደ ሌጌዎኑ አዘነበሉ፤ ኋላ በዓለም ስሙ የታወቀው ሚርቻ ኤልያዴ አንዱ ነው። ሴባስቲያን ከ1935 እስከ 1944 ይህን ሁሉ በማስታወሻው ላይ ጻፈ። ማስታወሻው የታተመው በ1996፣ እሱ ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው። የሚያስለቅሰው ታዲያ ስድቡ አይደለም፤ እንደ ድሮው አብሯቸው እራት መብላቱ ነው። ወንድሜ የጎረቤቱን ልጅ እንዳሰበ ከፊቱ አወቅሁ።

በሦስተኛው ምሽት ስለ ኒኮላዬ ዮርጋ ነገርኩት። የሩማኒያ ትልቁ የታሪክ ሊቅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትርም የነበሩ ሰው ናቸው። በ1910 ራሳቸው አይሁድን የሚጠላ ብሔርተኛ ፓርቲ ከመሠረቱት አንዱ ነበሩ። ኋላ ሌጌዎኑን ተቃወሙ። ኖቬምበር 27 ቀን 1940፣ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ የሌጌዎኑ ሰዎች ከቤታቸው ወስደው ገደሏቸው። እሳቱን ከለኮሱት አንዱ በእሳቱ ተበሉ።

ይሄኔ ወንድሜ ተቆጣ። «የኛ ብሶት ግን እውነት ነው! ሥራ የለም፤ ሌባው ሌባ ነው። ይሄን ልትክጂ ነው?»

«የነሱም ብሶት እውነት ነበር» አልኩት። «ሥራ አልነበረም። ሙስናው ቅጥ አጥቶ ነበር። እኔ ብሶትህን አልነካብህም። የጠየቅሁህ አንድ ነገር ነው። ለቅሶ ለምን አልሄድክም?»

ያን ሌሊት መብራቱ ሳይጠፋ አደረ።

መጨረሻቸውስ?

ከፖሊስ አዛዡ በኋላ መግደሉ ለመደባቸው። ዲሴምበር 1933 ጠቅላይ ሚኒስትሩን ኢዮን ዱካን ሲናያ ባቡር ጣቢያ ላይ ገደሉ። በዲሴምበር 1937 ምርጫ ፓርቲያቸው 15.6 ከመቶ ድምፅ አግኝቶ ሦስተኛ ወጣ። በዓመቱ፣ ኖቬምበር 1938፣ ኮድሬያኑ ታስሮ ሳለ በንጉሡ አገዛዝ ትእዛዝ ታንቆ ተገደለ። በሴፕቴምበር 1940 ከጄኔራል አንቶኔስኩ ጋር ሥልጣን ያዙ። በጃኑዋሪ 1941 ዐመፁ፤ በሦስት ቀን ቡካሬስት ውስጥ ከ120 በላይ አይሁዶች ተገደሉ። አንቶኔስኩ በጦር ደመሰሳቸው፤ አይሁድን መግደሉን ግን ራሱ ቀጠለበት። በ2004 የቀረበው የዓለም አቀፍ ኮሚሽን ዘገባ በሩማኒያ ሥር በነበሩ ቦታዎች ከ280 ሺህ እስከ 380 ሺህ አይሁዶች እንዳለቁ አስፍሯል።

አለቀ ደቀቀ እንዳትሉ። በ2015 ሩማኒያ የሌጌዎኑን ምልክትና ፕሮፓጋንዳ የሚከለክል ሕግ አወጣች። በኖቬምበር 2024 ግን ኮድሬያኑን በአደባባይ ያወደሰ እጩ በፕሬዚዳንት ምርጫው የመጀመሪያ ዙር አንደኛ ወጣ፤ ዲሴምበር 6 ቀን ደግሞ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ምርጫውን ሰረዘ። ብዙ ድምፅ የሰጡት ያንን ዘመን ያላዩ ወጣቶች ናቸው።

እህታዊ ምክር

ለወጣት አንባቢዎቼ ከመዝገቡ ያወጣሁት ምክር ይሄ ነው። አዲስ ማኅበር፣ አዲስ ቡድን፣ አዲስ ጓደኛ ስታገኙ እነዚህን ጠይቁ።

1. «እነሱ» የምትለዋ ቃል በቀን ስንት ጊዜ ከአፋችሁ ትወጣለች? ቁጠሯት።

2. ጠይቄ መልስ አገኛለሁ ወይስ «ተጠንቀቅ» እባላለሁ?

3. ዛሬ ብወጣ ነገ ሰላም ይሉኛል?

4. ከነሱ ጋር ከሆንኩ ወዲህ ያልደረስኩበት ለቅሶ፣ ያልሄድኩበት ሰርግ አለ? ለምን?

5. የሚረዱኝ ሰው ስለሆንኩ ነው ወይስ ጠላታቸውን ስለጠላሁላቸው?

እንደኔ በታሪክ ምርምር መኖር ለምትፈልጉም ሁለት ቃል አለኝ። ቋንቋ ቀድማችሁ ተማሩ፤ ያለ ቋንቋ መዝገቡ አይከፈትላችሁም። ዶክትሬት ማለት ቋሚ ሥራ ማለት እንዳልሆነም አስቀድማችሁ ለቤተሰብ ንገሩ። ክፉ ነገር የምታጠኑ ከሆነ ደግሞ ማታ ብቻችሁን አትሁኑ፤ የምትደውሉለት ሰው ይኑራችሁ።

ወንድሜስ? የሴትዮዋ አርባ ሲወጣ ማልዶ ተነሳ። ከጎረቤት በር ላይ ቆሞ ሲያመነታ በመስኮት አየሁት። ልጁ ወጣ። ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ልጁ «ወንበር እናውጣ፣ ና ያዝልኝ» አለው። ያዘለት። እስከ ማታ አልተመለሰም።

ጓደኞቹን ሙሉ በሙሉ ተውኩ አላለኝም፤ እኔም ማልልኝ አላልኩትም። ግን ባለፈው እሁድ ሲደውል ስለ «እነሱ» አላወራም። «ያቺ እናት ማመልከቻ የጻፉላት... ጻፉለት ያልሽኝ ልጅ መጨረሻው ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። ፋይሉ እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው። እየፈለግሁት ነው።

ቋሚው ሥራ አለፈኝ። ኮንትራቴም ሊያልቅ ወራት ነው የቀረው። ለዚያ ልጅ እናት ግን አሁን መልስ አለኝ። «እሱን ስጨርስ ምን ልሠራ ነው ያሉኝ? ወንድሜን ለቅሶ ልሰድድ ነው፣ እማማ።»

ቸር እንሰንብት!